ከእስሩ በታች የበቀለው

ጥር ፲፫ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.፣ መርሳ

ፊደል ስላልቆጠርኩ እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ዘነበች ትጽፋለች።

ጦርነቱ ሲደርስብን እሷ ልጆቿን ይዛ ሸሸች። እኔ ለሽያጭ ያዳቀለቻቸውን የብርቱካን ችግኞች ልጠብቅ ቀረሁ። ስትሄድ፣ «አባዬ፣ የጣፋጩን ቀንበጥ ያሰርኩት በኮምጣጣው ግንድ ላይ ነው። ከእስሩ በታች የሚበቅለውን ሁሉ ቁረጡት» አለችኝ።

«ዕድሜዬን በአፈር የጨረስኩትን እኔን ልታስተምሪኝ?» አልኳት።

አልቆረጥኩም። ሰዉም ከብቱም ሲያልቅ እያየሁ፣ በለመለመ ነገር ላይ ቢላ ማንሳት አስጠላኝ። ተኩሱ ሲበርድ ከወንዝ እየቀዳሁ ችግኞቹን አጠጣኋቸው።

ዛሬ ተመለሰች። «ነይ እዪ፣ እንዴት እንዳማሩልሽ!» ብዬ ተቀበልኳት። ጎንበስ ብላ አየቻቸው። ያሰረችው ጣፋጩ ደርቋል፤ የለመለመው ከታች ወጥቶ ምግቡን የቀማው ኮምጣጣው ነው። ማን ይገዛዋል?

«አንቱ ከተረፉልኝ ይበቃኛል» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ ደብተር አምጪ አልኳት።

አባትሽ አልሰማ ብሎ ድካምሽን አጠፋው፤ እንዲህ ብለሽ ጻፊ።

«ይሄስ ይቅር፣ አባዬ» ትላለች።

አይቀርም። ጻፊው።