ስቴኖ በስድስት ቀን

እሑድ

እኔ ኃጢአተኛዋ ብሌን፣ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት፣ አእምሮዬ ሙሉ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ የእድራችንን ዳኛ የጋሽ ተሰማን የሩብ ሰዓት ንግግር ዛሬ በአንዲት ነጥብ ጻፍኩት። ነጥቧም ትንሽ በዝታባቸዋለች።

ሰፈራችን ካርቲየ ሰባት ያለው ሱቃቸው ስኳር ልገዛ ገብቼ ነው። ለአንድ ደንበኛ "ያው እንግዲህ እንደሚታወቀው፣ አባቶቻችን እንደሚሉት፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ማለት ጀመሩ። ሰውየው የፈለገው ክብሪት ነበር። ይህን ንግግር ከተወለድኩ ጀምሮ እሰማዋለሁ። ስለዚህ ነጥብ።

ስቴኖ እየተማርኩ ነው። ሰው የሚናገረውን በምልክት እያሳጠሩ፣ አንድም ሳያመልጥ መጻፍ። የሚያስተምሩኝ አብሬያቸው የምኖረው እትዬ ዘውዴ ናቸው፤ አገር ቤት፣ ድሬዳዋ ሳሉ የችሎት ጸሐፊ ነበሩ። ጣታቸውን ሪህ ቆልምሞታል፣ ምላሳቸው ግን እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ አለ።

"እኔ በዘጠኝ ወር ነው የተማርኩት" አሉኝ።

እኔ ያለኝ እስከ ዓርብ ነው። እዚህ የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ ያን ቀን እድሩ ይሰበሰባል፤ ሦስት ጊዜ ከስብሰባ የቀረ ሰው ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ይቀርባል። እማዬ አራት ጊዜ ቀርታለች። ሰንፋ አይደለም፤ ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ እዚያው ነው የምታድረው፣ ዓርብ ደግሞ የማዳም እንግዶች ቀን ነው። እንደሷ ያሉ ሴቶች ብዙ ናቸው። ዕረፍት የሚሰጧቸው እድሩ በማይሰበሰብበት ቀን ነው።

ሰኞ

ካርቲየ ሦስት ሄድኩ፣ ሰላም ጋ። ሰላም በአማርኛ የኢንተርኔት ጋዜጣ ታዘጋጃለች፤ ቢሮዋ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ማራገቢያው ወረቀቱን እንጂ ሰውን አያራግብም።

ጋዜጠኛ መሆን እፈልጋለሁ ካልኳት ቆይቷል። ዛሬ ጊዜ ሰጠችኝ፤ የዓርቡን ስብሰባ ልዘግብልሽ አልኳት።

"በስልክ ቅጂው" አለች።

ስልክ አይገባም። አንድ ጊዜ ጋሽ ተሰማ አማቻቸውን ሲሰድቡ የተቀዳ ድምፅ ከተማውን ስለዞረ፣ አሁን የሁሉም ስልክ በር ላይ ሳፋ ውስጥ ይሰበሰባል። የልብስ ሳፋ ነው። ቃለ ጉባኤውን ደግሞ ጸሐፊው አቶ ሽፈራው ለብቻቸው ያዘጋጁታል። ባለፈው ሴቶቹ ስንት ተከራክረው፣ በቃለ ጉባኤው የተገኙት "በሙሉ ድምፅ" ከሚለው ቃል ሥር ተቀብረው ነው።

ሰላም ብዕሯን አስቀመጠች። "ቃል በቃል ካመጣሽ አወጣዋለሁ። የልምምድ ወንበርም አለሽ። 'እንዲህ ያሉ መሰለኝ' ካልሽኝ ግን በዚያው በር ትወጫለሽ።"

ደረጃውን ስወርድ ደግሞ ጠራችኝ። "ስሚ! እዚያ ውስጥ ጆሮ ነሽ፣ አፍ የለሽም። አንድ ቃል ከተናገርሽ ዜናውን የዘገበችው ልጅ አይደለሽም፣ የተከራከረችው ልጅ ነሽ።"

እንዴት ያለ ከባድ ነገር ነው! አፍ ዘግቶ መቀመጥን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም።

ማታ ለእትዬ ዘውዴ የነጥቧን ነገር በኩራት ነገርኳቸው። አልሳቁም። "ከነጥቧ መሃል ተሰማ 'ዓርብ ቶሎ እንጨርሳለን' አላለም?" ብለው ጠየቁኝ። ብለዋል። አልጻፍኩትም። "ሽማግሌ ቁም ነገሩን የሚያስቀምጠው ሰው መስማት ሲያቆም ነው" አሉኝ። ነጥቧን ሰረዝኳት።

ረቡዕ

ትላንት ምንም አልጻፍኩም፣ እጄ ስለተሳሰረ።

እስካሁን ያሉኝ ምልክቶች፦
"ይሁን እንጂ"፦ ጠማማ ሰረዝ።
"እግዚአብሔር ያሳያችሁ"፦ ወደ ላይ የወጣች ጭረት።
"እኛ በእናንተ ዕድሜ ሳለን"፦ ዛጎል። (እትዬ ዘውዴ ይህን ምልክት ሲያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።)
"እድር"፣ "አባል"፣ "ይሰረዝ"፦ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ቅንጥብ።

ትምህርቱ እንዲህ ነው፦ እሳቸው አልጋ ላይ ተጋድመው አሮጌ ጋዜጣ ያነባሉ፣ እኔ መሬት ተቀምጬ እጽፋለሁ፣ ከዚያ መልሼ አነባለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከአሥር ቃል አራት አገኘሁ። ዛሬ ሰባት። የጎደሉትን ሦስቱን ከራሴ ሞላሁ፤ ያማረ ወሬ ወጣ። እትዬ ዘውዴ ጋዜጣውን እያጠፉ "ችሎት ላይ እንዲህ ብታደርጊ ሰው ይታሰራል" አሉ።

ከዚያ ወዲያ መሙላት አቆምኩ። የማላውቀውን ባዶ እተዋለሁ። ባዶው ያሳፍራል፣ ግን ማንንም አያሳስርም።

ሐሙስ

እማዬ ደወለች። የማዳምን ልጆች እያጠበች ስለነበር ውኃው ይሰማል። ቀልድ ብዬ የሽማግሌዎቹን ምልክት ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ውኃውን ዘጋችው።

"ብሌንዬ፣ ከሰረዙኝ እዚህ ብሞት ማን ያነሳኛል?"

"ማዳም ታነሳሻለች" ልላት ነበር፣ ደግነቱ አፌን ያዝኩት። ለካ ይቻላል።

ዛሬ ዘጠኝ ከአሥር ጻፍኩ። ግን እትዬ ዘውዴ ሆን ብለው ሲያፈጥኑ ወደ አምስት ወረድኩ። "አይዞሽ፣ ተሰማ እንደ ኤሊ ነው የሚናገረው" አሉ። አይዞሽ ሲሉኝ የበለጠ ፈራሁ፤ ብለውኝ አያውቁማ።

ዓርብ

ከአዳራሹ ግቢ፣ ከውኃ በርሜሉ ኋላ ሆኜ ነው የምጽፈው። እትዬ ዘውዴ ስቴኖ ሳይቀዘቅዝ ነው የሚፈታው ይላሉ። ስብሰባው አሁን አበቃ፤ የመጨረሻውን ውሳኔ ፈትቼ ጨረስኩ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ተጀመረ፤ እትዬ ዘውዴን ደግፌ ገብቼ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ጋሽ ተሰማ እንደ ኤሊ ተናገሩ፤ ዛጎሏን አምስት ጊዜ ሣልኳት። ደስ አለኝ። ከዚያ ነገሩ ቀረበ። አቶ ሽፈራው "የማይመጣ አባል ምን ያደርግልናል?" አሉ። ወንዶቹ አጉረመረሙ። እትዬ ዘውዴ በከዘራቸው ተነሡ።

"ሬሳ ስታነሱ ስንት ዓርብ ቀረ ብላችሁ ነው የምትቆጥሩት?"

ልክ በዚያ ሰዓት ከውጭ የመኪና ጥሩምባ። ከአገር ቤት የሚመጣው የዕለቱ ጫት ገባ! ይህ ጥሩምባ ከተሰማ ማንም ወንድ ስብሰባ አይቀመጥም። እኔ ያልቆጠርኩት ነገር ይሄ ነበር። ለስድስት ቀን የተለማመድኩት ለኤሊ ነው፤ ጥሩምባው ሲሰማ ኤሊው ፈረስ ሆነ። ጋሽ ተሰማ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ በአንድ ትንፋሽ፦ "በቃ ዘውዴ እውነቷን ነው፣ በሥራ ምክንያት የቀረ አይሰረዝም፣ ተወካይ ይላክ፣ ተወካይ የላከ እንደመጣ ይቆጠራል፣ የሚቃወም አለ? የለም፣ ተዘግቷል።"

ያዝኩት። ሁሉንም። አንድ ባዶ ቦታ የለም። ልጮህ ነበር፣ ደብተሩን ነከስኩት።

ሰዉ ስልኩን ከሳፋው እየዘረፈ ወጣ። እትዬ ዘውዴም ሄዱ። የቀሩት ሁለት ናቸው፣ ጋሽ ተሰማና አቶ ሽፈራው፣ በሩ ላይ፣ ከእኔ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። አቶ ሽፈራው ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ። የተተየበ! ቃለ ጉባኤውን ከስብሰባው በፊት ጽፈው ነው የመጡት። እያነበቡላቸው ነው፦ "ሦስት ጊዜ የቀሩ አባላት እንዲሰረዙ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።"

ጋሽ ተሰማ መነጽር አልያዙም። ብዕሩ እጃቸው ላይ ነው።

ከተናገርኩ ወንበሩ የለም። ዝም ካልኩ ፊርማው አለ፤ የተፈረመ ቃለ ጉባኤን ደግሞ ማንም ጋዜጣ አያስቀይርም። ሰላም እዚህ በርሜል ኋላ ተቀምጣ ቢሆን ምን ታደርግ ነበር? አላውቅም። የሰላም እናት እድር ውስጥ የለችም።

"እንዲህ ነው እንዴ ያልኩት?" አሉ ጋሽ ተሰማ።

"ጋሼ፣ ቸኩለው ስለነበር…"

"ቸኩዬ ነበር፣ አልሞትኩም። ዘውዴ ስትናገር እሺ ያልኩ መሰለኝ።"

"መሰለኝ" አሉ። አቶ ሽፈራው ብዕሩን ወደ ወረቀቱ እየገፉላቸው ነው። እየጻፍኩ ነው፣ ጣቴ ከነሱ ይፈጥናል። ልነሣ ነው። ወንበሩን ሌላ ሰው ይቀመጥበት። የጋሽ ተሰማ ስም ባለበት ሁሉ የፍየል ጢም ሥያለሁ፣ እሱን እንዳያዩ ብቻ…

ጋሽ ተሰማ እግሬን አዩት።

"ብሌን! አንቺ የዘውዴ ልጅ፣ ስትቸከችኪ አይቼሻለሁ! ነይ፣ ውጪና አንብቢልኝ፤ ምንድን ነው ያልኩት?"