ሳይጠረግ እንዲቆይ የታዘዘው የመርሳ ቦይ

ለክቡር የ«ባሕራችንን እንታደግ» የማኅበረሰብ ግንዛቤ ፕሮጀክት ዋና ኃላፊ
ወልድያ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ክረምቱም ከቢሮዎ ደጃፍ ሳይደርስ፣ ጫማዎንም ጭቃ ሳይነካው እያለፈ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም በመርሳ ያለነው፣ ከመካከላችን ከጎደለው በቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ስሜ ናጅዋ ዛኪር ይባላል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ባለቤቴን ሚስባህ ኡበይደላን ያውቁታል ብዬ አልገምትም፤ እርሱ ግን እርስዎን ፍለጋ ወልድያ ድረስ መጥቶ ነበር። በዋናው መንገድ ዳር ማንጎና ፓፓያ የሚሸጥ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል የምንቀባበርበት የሰፈራችን ቅሬ ሰብሳቢ የነበረ ሰው ነው። «የነበረ» ያልኩት በስህተት አይደለም።

ምስጋናዬን በአካል ቀርቤ ባደርስ እመርጥ ነበር። ሆኖም ጸሐፊዎ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለምትነግረኝ፣ ሥራዎን ላለማቋረጥ ስል በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ። ለሪፖርትዎ እንዲመችም በቁጥር አደርገዋለሁ።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ስልጠናው ነው። ባለፈው ግንቦት ባለሙያዎችዎ መጥተው፣ ከግራናና ከውርጌሳ የመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ በአዳራሽ ሰብስበው፣ ስለ ባሕር አስተማሩን። ባሕሩ ከኛ ሩቅ መሆኑን ማንም አላነሳባቸውም፤ እንግዳ አያሳፍሩም። መርሳ በዓረብኛ የመርከብ ማረፊያ ማለት መሆኑን መድረሳ የገባ ልጅ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ስማችን አሳስቷቸው ወደብ የደረሱ መስሏቸው ይሆናል ብለን በልባችን ይቅር አልናቸው። ከጋራው የሚወርደው ውሃችን ወደ አፋር ቆላ እንደሚሄድ፣ ቢበረታም አዋሽ እንደሚገባ፣ አዋሽም ባሕር ሳያይ በረሃ ላይ እንደሚቀር ለተማሪዎቼ የማስተምር ብሆንም፣ እኔም እጄን አላወጣሁም።

ባለቤቴ ግን ትምህርቱን ከልቡ ሰማ። በፕሮጀክተር ካሳዩን መካከል ፌስታል ምግብ መስሏት ውጣ የሞተች አንዲት የባሕር ኤሊ ነበረች። ሚስባህ ባሕር አይቶ አያውቅም። እቤት ገብተን እራት ስንበላ «ያቺ ኤሊ እኮ የዋጠችው የኔን ፌስታል ሊሆን ይችላል» አለኝ። ውሃችን ባሕር እንደማይደርስ ብነግረው፣ «ባይደርስስ፣ እዚህ ያለው ከብት ከኤሊዋ በምን ያንሳል?» አለ። ከማግስቱ ጀምሮ ማንጎ በፌስታል መስጠት ተወና ደንበኞቹን ዘንቢል ይዛችሁ ኑ ይላቸው ጀመር። የአውቶቡስ መንገደኛ ዘንቢል ከየት ያመጣል? ከጎኑ ካለው ሻጭ እየገዛ መንገዱን ቀጠለ። ሚስባህ ሳይሸጥ ያደረውን ማንጎ ተሸክሞ ሲመጣ ለልጆቹ «ኤሊዋ የላከችላችሁ ነው» ይላቸው ነበር። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ስልጠናው ፍሬ አላፈራም የሚልዎ ቢኖር አይመኑት። ቢያንስ አንድ ሰው ተምሯል።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ቦዩ ነው። ከጋራው ግርጌ ተነስቶ ሰፈራችንን አቋርጦ በዋናው መንገድ ሥር በቱቦ የሚሻገር የጎርፍ ቦይ አለን። ሰኔ ሳያልቅ ሰፈሩ ወጥቶ በደቦ ይጠርገዋል። ይህን ያስተማረን ስልጠና አይደለም፤ ጎርፉ ራሱ ነው። ለአንዱ ወገን ጁምዓ፣ ለሌላው በዓል እንዳይሆን ተጠያይቀን ቀን እንቆርጣለን። ዘንድሮም ቀን ተቆርጦ፣ አካፋና ዶማው ተሰባስቦ ሳለ የመስክ አስተባባሪዎ ዳዊት መጣ። ዳዊት ትሑትና አስተዳደግ ያለው ልጅ ነው፤ የተላከውን ብቻ እንደተናገረ አውቃለሁ። የጽዳት ዘመቻው ታላላቅ እንግዶች በተገኙበት፣ ካሜራ ባለበት እንደሚጀመር፣ እስከዚያው ቦዩን ማንም እንዳይነካ መታዘዙን ነገረን።

«ዝናቡስ፣ ዳዊት?» አለው ባለቤቴ።

«ጋሽ ሚስባህ፣ አሁን ከተጠረገማ እንግዶቹ ምን ያጸዳሉ?»

ሚስባህ ሳቀ። «እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል እንጂ፣ ለእንግዳ ተብሎ ቆሻሻ ሲቀመጥ ገና ዛሬ ማየቴ ነው» አለ። ይሁን እንጂ እሺ አለ፤ የመጣን ሰው እምቢ ብሎ መመለስ አይችልበትም ነበር። ከስልጠናው የተረፉትን የሃይላንድ ጠርሙሶች እንኳ ሊለቅም ቢነሳ፣ እነርሱም ለዘመቻው ባሉበት ይቆዩ ተባለ። ነፋስ ግን ትዕዛዝ አይሰማምና እየገፋ ቦዩ ውስጥ ከተታቸው።

የዘመቻው ቀን ለእንግዶቹ አልተመቸምና ተላለፈ። ደግሞም ተላለፈ። ሐምሌ ገባ፤ በጉባ ላፍቶ ጋራ ላይ ደመናው ከቀን ወደ ቀን እየከበደ መጣ። ከቦዩ ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌው ጎረቤታችን ጋሽ ማሩ «እንጥረገው ሚስባህ፣ ሰማዩ ቀጠሮ አያከብርም» አሉት። «ቃል ሰጥቻለሁ ጋሽ ማሩ፤ ቢሮአቸው ሄጄ ልጠይቅና ከዚያ እንጠርጋለን፤ ትንሽ ይታገሡኝ» አላቸው።

እናም ወልድያ መጣ። ከጠዋት እስከ ዙህር ደጅዎ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እርስዎ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ጎርፍ ቅድመ ማስጠንቀቂያ በሚመክር ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጸሐፊዎ ስልክ ቁጥሩን ተቀብላ «እንደውልልዎታለን» ብላ አሰናበተችው። ሲሪንቃ ሲደርስ ዝናቡ ሚኒባሱን ያዘው። እቤት የገባው እስከ አጥንቱ ርሶ ነው።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ግን በቁጥር የሚነገር ስላልሆነ፣ እንደሆነው እነግርዎታለሁ።

በማግስቱ ከዓስር ሶላት በኋላ ተራራው ላይ ዘነበ። እኛ ዘንድ ገና ማካፋት ሲጀምር ቦዩ ሞልቶ ደረሰ። የቱቦው አፍ በጠርሙስና በፌስታል ተደፍኖ ነበርና ውሃው መሻገሪያ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ቤቶቹ ዞረ። መጀመሪያ የገባው እመት ሙሉ ቤት ነው። እመት ሙሉ ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ከአልጋ የማይነሱ አሮጊት ናቸው። ሚስባህና ጋሽ ማሩ በብርድ ልብስ አድርገው አወጧቸውና እኔ ዘንድ አመጧቸው። አሮጊቷ እየተንቀጠቀጡ «ማርያም ታውጣህ ልጄ» ይሉት ነበር። ሚስባህ ግን ተመልሶ መውጣት ጀምሯል።

«ቱቦው ካልተከፈተ ሰፈሩ በሙሉ መሄዱ ነው» አለኝ። ጫማውን አወለቀ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና «ያዢልኝ፣ ከቢሮ ሊደውሉ ይችላሉ» አለኝ። ባለቤቴ ለእኔ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ሌላ ቃል ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ወገቡን በገመድ አስሮ ወረደ፤ ጫፉን ጋሽ ማሩና ሁለት ጎረምሶች ያዙ። እኔ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። በእጁም በዶማም እየቦጨቀ ማውጣት ጀመረ፤ ቆሻሻው በእቅፍ በእቅፍ ይወጣል። በመጨረሻ አንዱን ትልቅ እስር ሲጎትት ቱቦው ተከፈተ። የቆመው ውሃ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደዚያ ሄደ፤ እርሱንም ይዞት ሄደ። ገመዱ ሳይበጠስ ከሦስቱ እጅ ይመዘዝ ጀመር። ጎረምሶቹ ሲለቁ ጋሽ ማሩ አልለቀቁም፤ መዳፋቸው ተገሽልጦ እስከ ቱቦው አፍ ድረስ ተጎተቱ፤ ጎረምሶቹ ናቸው በግድ ያላቀቋቸው። ውሃው ከቤቶቹ ወዲያው ጎደለ። ሚስባህን ከመንገዱ በታች ካለው የማንጎ አትክልት ውስጥ አገኘነው።

በነጋታው ለቀብር ስንዘጋጅ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ ጀናዛው ሳይወጣ፣ ስልኩ ጠራ። በእጄ ይዤው ነበር ያደርኩት። ዳዊት ነው። ድምፄን ሳይጠብቅ «ጋሽ ሚስባህ፣ የምሥራች፣ ቀኑ ተቆረጠ፤ ቦዩን ብቻ እንዳትነኩብን» አለ።

«ነክቶታል» አልኩት።

ክቡር ሆይ፣ ዳዊት ያን ዕለት መጣ። በመቃብሩ አፈር መለሰ፣ ከሴቶቹ ይልቅ አለቀሰ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራውን እንደተወ ሰምቻለሁ። እርሱን አልወቅሰውም። ጋሽ ማሩ እስካሁን እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አያወጡም። ላጽናናቸው ሄጄ «አብሽሩ» ብላቸው፣ «የኔ ልጅ፣ ገመድ መያዝ እንኳ ያቃተው ሽማግሌ ምን ብሎ ይበረታል?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እርስዎ ጥፋተኛ ነኝ እንዳላሉ ስመለከት፣ ጥፋቱን ሁሉ አንድ ሽማግሌ ብቻውን ተሸክሞት መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ቦዩን ከሰደቃው በኋላ እኛው ጠረግነው። ከዚህ በፊት ሴቶች ውሃ እናቀብል ነበር እንጂ አንገባም ነበር፤ ዘንድሮ ገባን። እመት ሙሉ አልጋቸውን ደጅ አስወጥተው ከዚያ ሆነው እየመረቁን ዋሉ። መስከረም ሲጠባ ተማሪዎቼን ወደዚያው ወስጄ፣ ፌስታል ሲደፍን ውሃ ወዴት እንደሚዞር አሳያቸዋለሁ። ሁለተኛው ልጄ እኔ በማስተምርበት ክፍል ነው የሚማረው፤ እርሱ ባይመጣ እንደማላስገድደው ነግሬዋለሁ።

ዘመቻው መርሳ «ለዝግጅቱ ምቹ ሆና ባለመገኘቷ» ወደ ሌላ ከተማ መዛወሩን በሬዲዮ ሰማሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለዚሁ ነው። ካሳ አልጠይቅም፤ ይቅርታም ከሌለዎት ላይ እንዲያወጡ አላስቸግርዎም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያም ከተማ ለእናንተ ሲባል ሳይጠረግ የቆየ ቦይ ካለ፣ እባክዎ ዛሬውኑ ጥረጉት ብለው ይደውሉላቸው። እዚያም ቃሉን የሚያከብር ሰው አይጠፋም።

የክብርዎን ዕድሜ ያርዝምልን፣ ስብሰባዎችዎን ያሳካልን፣ ደጅዎ ያለውን አግዳሚ ወንበር ባለጉዳይ አያሳጣው እያልኩ፣ ትዕዛዝዎን ያከበረ ሰው ሚስት በመሆኔ ላገኘሁት ዕጣ በትሕትና እጅ እየነሳሁ እሰናበታለሁ።

ናጅዋ ዛኪር
ከመርሳ፣ ሀብሩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቢሮዎ ለልጆቼ ማጽናኛ ብሎ የላከው ቲሸርት ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥልን። ሁለቱም ተራ በተራ ለበሱት፤ እስከ ጉልበታቸው ወረደ። ልኩ የአባታቸው ነው።