ደንዲ መስክ ላይ የተከልኳቸው ቀይ ባንዲራዎች

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ አምቦ

ቅዳሜ የማስጎበኛቸው እንግዶች አዲስ አበባ ጎልፍ ተጫውተው ወደ እኛ ይመጣሉ። ደንዲ ሐይቅ አጠገብ ያለው የግጦሽ መስክ ለጎልፍ ይመቻል ብዬ የጻፍኩላቸው እኔው ነኝ። ዛሬ ሄጄ ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ በየጉድጓዱም ቀይ ባንዲራ ያለው እንጨት ተከልኩ። ሦስተኛውን ስተክል ኦቦ ቶለራ የሚባሉ ሽማግሌ ከከብቶቻቸው መሃል መጡ።

«መሬቱን ለማን ነው የምትለካው?»

«ጨዋታ ነው፣ አባባ። ኳስ ጉድጓድ ውስጥ የሚከቱበት» አልኩና ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። «ማዶ መሬታችንን ሊወስዱ ችካል የተከሉትም እየሳቁ ነበር» ብለው እንጨቱን ነቅለው አስታቀፉኝ። ሌሎቹን ራሴ ነቀልኩ።

መኪና ውስጥ ስገባ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። እኔም እንደ ልማዴ የአባቴን ስም፣ ጊንጪ ያለውንም ቤታችንን አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

ቂም ይዘው ጠይቀውኝ ይሆን ብዬ ያሰብኩት አምቦ ከደረስኩ በኋላ ነው፤ አባቴ ደጁን ዘግቶ አያውቅም።