በደጃፋችን ላይ ስለተተከለው ክብር

ለተከበሩ የመንገዶች ስያሜና የመታሰቢያ ሥራዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ራስዎን ከሕመም፣ ወገብዎን ከወንበር ድካም፣ በተለይም ሁለቱን እግሮችዎን ከማናቸውም ክፉ ነገር እግዚአብሔር እንዲጠብቅልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። መጥተው እንዳያዩን በራችን በወጉ ስለማይከፈት በጽሑፍ ማሳወቁን መርጫለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቢሮዎ ፊት ለፊት በምትገኘው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደጅ የጠናሁት ልብስ ሰፊዋ ነኝ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከጸሐፊዎ ጋር ግን በጣም ከመላመዳችን የተነሳ ሁለት ቀሚሷን አጥብቤላታለሁ፤ ስለዚህ ድካሜ ፍሬ አላፈራም ማለት አልችልም።

ጉዳዩን ለማያውቁ የመሥሪያ ቤትዎ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ጽሕፈት ቤትዎ ቤተሰባችን ለሠራዊቱ ለሰጠው የሦስት ትውልድ አገልግሎት መታሰቢያ እንዲሆን በደጃችን የሚያልፈውን መንገድ በስማችን ሰይሞታል። አያቴ እግረኛ ወታደር ነበሩ። አባቴ በመሐንዲስ ክፍል ውስጥ ፈንጂ ከመንገድ ላይ እያነሱ ሌላውን የሚያሳልፉ ሰው ነበሩ፤ ቀኝ እግራቸውንም ያጡት ቁስለኛ የጫነ መኪና እንዲያልፍ መንገድ ሲጠርጉ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሄዶ አልተመለሰም። ስለዚህ የስያሜው ዜና የደረሰን ዕለት አባቴ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ይህን ስጽፍ እየቀለድኩ አይደለም፤ ቀልዱን የጀመረው ከዚያ በኋላ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ ምሰሶው ቦታ። ስማችንን የተሸከመው የብረት ምሰሶ የቆመው ከቤታችን በር ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር ርቆ፣ ልክ በበሩ መሃል ትክክል ነው። በልብስ መለኪያዬ ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ፤ ሙያዬ ነውና አልሳሳትም። በራችን ወደ ውጭ የሚከፈት ሲሆን ጎረቤታችን በያጁ እንዲህ አድርጎ የሠራልን ክፍላችን ጠባብ ስለሆነችና የአባቴ ዊልቸር መዞሪያ እንዲያገኝ ብሎ ነው። አሁን በሩ አርባ ሳንቲሜትር ያህል ገርበብ ብሎ ከምሰሶው ጋር ይላተማል። እኔ ሆዴን ስቤ በጎኔ እሾልካለሁ። የአባቴ ዊልቸር ግን ወርዱ ስልሳ አምስት ነው፤ በሩን ከነማጠፊያው ብንነቅለውም ምሰሶው መሃል ላይ ቆሟልና አያሳልፍም። መስኮታችን ደግሞ ፍርግርግ ብረት አለው። ዊልቸሩ አይታጠፍም፣ አባቴን ተሸክሞም በዚያ ክፍተት የሚያልፍ ሰው የለም። ሠራተኞችዎን አልወቅስም፤ የያዙት ወረቀት «በቤተሰቡ ደጃፍ ይተከል» ይላል፣ እነሱም እንደታዘዙት ተከሉት።

፪ኛ/ ስለ ሲሚንቶው ጥንካሬ። በዚህ በኩል ጥፋቱ የእኛም ስለሆነ አልሸሽግም። እኔ ክር ልገዛ በወጣሁበት ሰዓት ሠራተኞቹ ሊቆፍሩ ሲመጡ የተቀበሏቸው አባቴ ናቸው፤ ደስታው ይሁን የድሮ ሙያ፣ ዊልቸራቸውን በሩ ላይ አቁመው ሥራውን መምራት ጀመሩ። ጉድጓዱ ይጠልቅ አሉ፣ አሸዋው በዛ አሉ፣ ምሰሶውን በጠጠር ቀርቅሩት አሉ። ስለ ቦታው ግን ትንፍሽ አላሉም፤ ምክንያቱም ካርታ የያዘ መኮንን ባለበት አንድ ወታደር ስለ ቦታ አይጠይቅም ተብለው ያደጉ ሰው ናቸው። ሲሚንቶው ሊቦካ ሲል ሠራተኞቹ አቧራው አባቴን እንዳይጎዳቸው ብለው በአክብሮት በሩን ዘጉላቸው፤ አባቴም ቀሪውን ትእዛዝ በመስኮት ሰጡ። እኔ ስመለስ ሠራተኞቹ ሄደው ነበር፣ አባቴ ደግሞ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ማንም እንዳይነካው ከመስኮት ሆነው ዘብ ይጠብቁ ነበር። እንግዲህ ምሰሶው በከተማው ውስጥ ካቆማችኋቸው ሁሉ የማይነቃነቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

፫ኛ/ በሰሌዳው ላይ የጽሕፈት ቤትዎ ስም ከቤተሰባችን ስም በሁለት ጣት ይበልጣል፤ ይህንንም ለክቼዋለሁ።

፬ኛ/ ስለ ምርቃቱ ሥነ ሥርዓት። ስላደረጉልን ደማቅ ዝግጅት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከምሰሶው ዐሥር እርምጃ ራቅ ብሎ በተደረደረው የፊት ረድፍ ላይ የአባቴ ስም በወረቀት ተለጥፎበት አንድ ወንበር ተቀምጦ ነበር። አባቴ ከማለዳው ጀምሮ ሜዳሊያቸውን አድርገው፣ ጫማቸውን (አንዱን) አስጠርገው በመስኮቱ ይመለከቱ ነበር። እኔም ሾልኬ ወጥቼ አባቴ መውጣት እንዳልቻሉ ለአስተናጋጁ ብነግረው፣ ፕሮግራሙ ስለተጀመረ አስተያየቴን በመጨረሻ እንዳቀርብ በትሕትና መለሰልኝ። እርስዎም ንግግርዎን አሰምተው ሪባኑን ቆረጡ። ከዚያ ዓይንዎ ባዶው ወንበር ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ፊትዎን ቅጭም አድርገው፣ የዚህ ቤተሰብ አባት ይህችን ቀን ለማየት ባለመታደላቸው ጥልቅ ሐዘን እንደተሰማዎ ተናገሩና ሕዝቡን ለአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አስነሡ።

ሕዝቡ ባርኔጣውን አውልቆ ጸጥ አለ። አባቴም ሥርዓት አዋቂ ናቸውና ቆባቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። ደቂቃው ሲያልቅ ወደ መስኮቱ ተመልሼ ነበርና በፍርግርጉ ውስጥ ቀስ ብለው «ማን ሞቶ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ ብዙ ነገር ችያለሁ፤ የወንድሜን ልብስ አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ። ያን ዕለት ግን መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ዋልኩ።

፭ኛ/ ስለ አባቴ የአሁን ሁኔታ። ከቤት ሳይወጡ ሦስት ወር ከዐሥራ አንድ ቀን ሆኗቸዋል። ቀድሞ በየቀኑ ጥግ ካለው ዛፍ ሥር ከጓደኛቸው ከጡረተኛው ሾፌር ጋር ዳማ ይጫወቱ ነበር፤ አሁን ሾፌሩ ገበታውን ከምሰሶው መሠረት ላይ ዘርግቶ አባቴ በመስኮት እያዘዙ ያጫውታቸዋል፣ ያታልላቸዋልም። ይህስ ይሁን። ሁለት ዓመት ወረፋ የጠበቁለት ሰው ሠራሽ እግር ደርሶላቸው የሚለካላቸው የፊታችን ማክሰኞ ነው። በቀጠሮው ያልተገኘ ሰው ከወረፋው መጨረሻ ይሰለፋል ብለውናል። አባቴ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ሌላ ሁለት ዓመት ይኑራቸው አይኑራቸው እርስዎም እኔም አናውቅም። እኔ በሕይወት እያሉ አንድ ቀን በሁለት እግራቸው ቆመው ላያቸው እፈልጋለሁ፤ ከዚህ የተለየ ጥያቄ የለኝም።

፮ኛ/ ስለ ሰጡኝ መልስ። በዘጠነኛው ቀን የተሰጠኝ ደብዳቤ ማኅተሙ ያማረ፣ አጻጻፉም የጠራ ስለሆነ በመስታወት አሠርቼ ሰቅዬዋለሁ። መታሰቢያን መነካካት በሕግ እንደሚያስጠይቅ፣ ሆኖም የክብሩ ባለቤት ራሳቸው በአካል ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ቀርበው ከፈረሙ ምሰሶውን የማዛወሩ ጉዳይ ሊታይ እንደሚችል ያትታል። በበር መውጣት ያልቻሉት ሰው ወጥተው፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስት ፎቅ ወጥተው፣ መውጣት አልቻልኩም ብለው እንዲፈርሙ ማለት ነው። በኅሊና ጸሎት የሸኟቸውን ሰው በአካል ይቅረቡ ማለትዎም በትንሣኤ ያለዎትን እምነት ስለሚያሳይ እጅግ አጽናንቶኛል።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው። ምሰሶው ሁለት ሜትር ወደ ግራ ይዛወር፤ እዚያ ባዶ ግድግዳ አለ፣ ማንንም አያግድም። ይህ ካልተቻለ ክብሩን ውሰዱና በራችንን መልሱልን። መንገዱንም ከፈለጉ በራስዎ ስም ይሰይሙት፤ የማያሳልፍ መንገድ ለማን እንደሚስማማ ሰፈሩ በሙሉ ይስማማል።

ላደረጉልን ሁሉ በሕይወት ዘመናችን ማመስገን የማይቻለን፣
የጽሕፈት ቤትዎን ስም በየማለዳው በመስኮት የምናነብ፣
በክብርዎ ተዘግቶብን የተቀመጥን ትሑታን አገልጋዮችዎ፣

ልብስ ሰፊዋ፣ ከአባቷ ጋር

ግልባጭ፦ ለምሰሶው (በመስኮት ሆኜ አንብቤለታለሁ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ለአባቴ አንብቤላቸው ስጨርስ «ፈንጂ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ አንስቼው ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወረቀትና እርሳስ ጠየቁ። የሲሚንቶውን ድብልቅ ያዘዙት እሳቸው ስለሆኑ የት ላይ እንደሚሰበር ያውቃሉ፤ ዕቅዱን አውጥተው በያጁንና ሾፌሩን አሠልጥነዋል፣ ሰሌዳውም ሳይጫር ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ሥራው ከማክሰኞው ቀጠሮ አስቀድሞ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በግልጽ፣ በሰው ሁሉ ፊት ይፈጸማልና እንዲገኙልን በአክብሮት ተጋብዘዋል። በምርቃቱ ዕለት ረስተውት የሄዱት ወንበር እኛው ዘንድ ነው፤ በወረቀቱ ጀርባ የእርስዎን ስም ጽፈን ፊት ለፊት አስቀምጠንልዎታል። ምናልባት ሳይመቸዎ ቀርቶ ወንበሩ ባዶ ከሆነ አይጨነቁ፤ አባቴ በሩ ላይ ወጥተው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ ለእርስዎ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ያስደርጋሉ።