ሁለት አጭር ጡሩምባ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 5

ለእናቴ፣ ጎርጎራ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በደኅና ያግኝሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቅባቱን ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ አምናው መስኮት ላይ ቆሞ ይደርቃል? የሎሚው ዛፍ ዘንድሮ ያዘ? አጎቴ ኪዳነ ወልድስ አሁንም ወደቡ ላይ ከጀልባ ነጂዎቹ ጋር ሲከራከር ይውላል? እኔ ደኅና ነኝ። አባባም ደኅና ናቸው። ለወግ ያህል የጻፍሁት እንዳይመስልሽ፤ በእውነት ደኅና ነን። ከሁለት ወር ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሳቅ አለ። ሳቅ ሲበዛ ደግሞ እንደምፈራ ታውቂያለሽ።

መጀመሪያ «እርስዎ» ብዬ ጀምሬ ነበር። ሰረዝሁት። የምነግርሽ ነገር ስለከበደኝ በ«እርስዎ» ልሸሸግ ፈልጌ ነው መሰለኝ። እንደ ወትሮው አንቺ እልሻለሁ።

ስልክ ለእኔና ለአንቺ እንደማይሆን የታወቀ ነው። ጎረቤት ተቀብሎ ጆሮሽ ሥር እየጮኸ ይነግርሻል። ይህ በጎረቤት አፍ የሚነገር አይደለም። በእሑዱ ጀልባ ይመጣልሻል፤ ለብቻሽ አንብቢው።

አውቶቡሷ ተነሣች።

አዎ፣ ያቺው የአባባ ፊያት። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ፋሲሎ ሰፈር፣ አለበል ጋራዥ ውስጥ ቆማ ነበር። አለበልን አትረሽውም፤ የአባባ ረዳት ሳለ ጣሪያው ፖርቶመጋላ ላይ ወጥቶ ሻንጣና በግ ሲያስር፣ ይኼ ልጅ አንድ ቀን ይወድቃል እያልሽ ዓይንሽን ትጨፍኝ ነበር። አልወደቀም። ሸብቷል፣ ጋራዥ ከፍቷል። ዶሮዎቹ በአውቶቡሷ በተሰበረው መስኮት እየገቡ ከኋላ መቀመጫ ሥር እንቁላል ይጥሉ ነበር።

መስከረም ላይ ሚስጥር የምትባል ፊልም የምትሠራ ወጣት መጣች። የድሮ አውቶቡስ ትፈልጋለች። ከደብረ ማርቆስ እስከ ጎንደር ፈልጌ ያገኘሁት ሁሉ ወይ ሻይ ቤት ወይ ዶሮ ቤት ሆኗል ብላ አዘነች። አለበል፣ የእኛም ዶሮ ቤት ናት፤ ልዩነቱ መሪ አላት አላት።

እንዲህ ተጀመረ። አባባ ከጡረታ ወዲህ ከወንበራቸው የሚነሡት ለጸሎትና ለምሳ ነበር። በማግስቱ ያንን ካኪ ካፖርታቸውን ለብሰው ከእኔ ቀድመው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እኔ ወደ ኮሌጁ ቢሮዬ፣ እሳቸው ወደ ጋራዥ። ከሥራ ስወጣ በዚያው በኩል እየዞርሁ እቀመጣለሁ። ኮፈኑ ውስጥ ሁለት ራሶች ይታዩኛል። አለበል፣ ጋሼ፣ ይቺ ኩሽኔታ አልቆላታል ሲላቸው፣ ያለቀልህ አንተ ነህ፣ እሷስ ገና ልጅ ናት ይሉታል። ሞተሯ የተነሣች ዕለት ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው፣ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ፣ አባባ መሪውን ይዘው ሳቁ። ጥርሳቸው ስንት እንደቀረ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ደስታው የእኔ እንዳልሆነ፣ የሰው ዕቃ ተውሼ እንደያዝሁ ያለ ስሜት።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሳቂብኝ። አሮጌ ፊልም ማየት እወዳለሁ። የየትም አገር ይሁን። ታሪኩን ግን አልከተልም። ተዋናዮቹ ሲያለቅሱ እኔ ከኋላቸው የሚያልፈውን አውቶቡስ ነው የማየው። አፍንጫው የወጣ፣ ጣሪያው የተጠጋጋ፣ መሰላሉ ከኋላ የተንጠለጠለ። አስቆመዋለሁ። መስኮት ላይ ያለውን ሰው ፊት ለመለየት እሞክራለሁ። ማን እንደምፈልግ ለራሴ ነግሬው አላውቅም ነበር። አሁን ዐወቅሁት፤ ስደርስበት እነግርሻለሁ።

ቀረጻው የተጀመረው ባለፈው ሳምንት በሐይቁ ዳር መንገድ ነው። ሚስጥር አባባን ራሳቸውን ሾፌር አደረገቻቸው። ያለባቸው ሥራ ቀላል ነው፤ ቀስ ብሎ መንዳት፣ አንድ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ጡሩምባ መንፋት። አንድ ረጅም ይንፉልኝ ብላቸዋለች። ነፉ። ሁለት አጭር። እንደገና አለች። ሁለት አጭር። ሦስተኛ ጊዜ ወርዳ መስኮቱ ሥር ቆመች፤ አባባ፣ ረጅሙ ለፊልሙ ያምራል፣ አንጀት ይበላል ብላ ለመነቻቸው። እሳቸውም፣ ልጄ፣ ረጅም የሚነፋ አልፎ የሚሄድ ሰው ነው፤ እኔ አላልፍም፣ አዳሪ ነኝ አሏት። ልጅቷ ምን ታድርግ? ሁለቱን አጭር ቀረጸች።

ምሳ ላይ ዛፍ ሥር ዓሣ እየበላን አለበል፣ ምን አለበት ጋሼ፣ ለካሜራ እንኳ አንዴ ቢነፉላት ብሎ ቀለደባቸው። አባባ እሾሁን ከአፋቸው አወጡና፣ ለእሷ ሁለት ነፍቼላት እኮ ነው ጥላኝ የሄደች አሉ። ማደሬን ዐውቃ። አልፌ ስሄድ ብትሄድ ይገባኝ ነበር።

ከሄድሽ ሠላሳ አንድ ዓመት። ስለ አንቺ እንዲህ ብለው ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ሊያስታርቋችሁ ሲመላለሱ አባባ ለምን ዝም እንዳሉ፣ አንቺም በየክረምቱ አንቺ ዘንድ ስመጣ ስለ እሳቸው ለምን እንደማትጠይቂኝ፣ ሁለታችሁም በየበኩላችሁ ምን ይዛችሁ እንደተቀመጣችሁ ያን ጊዜ ገባኝ። ዓሣው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ ግን ልጻፈው፤ እጄ ይለማመድ። አባባ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ከመናኸሪያው በፊት ደጃችንን ያልፋሉ። ሁለት አጭር ከነፉ ተሳፋሪ አራግፈው እዚሁ ያድራሉ። አንድ ረጅም ከነፉ ወደ ጎንደር ያልፋሉ። አንቺን ከልጅነትሽ ትኩሳት ወዲህ ጆሮሽ አይረዳሽም፤ እኔ እሰማልሻለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር ላይ እቀመጣለሁ፣ ከሰማሁ በኋላ ገብቼ በጣቴ አሳይሻለሁ። ሁለት ጣት ካየሽ ሽንኩርት ትከትፊያለሽ። አንድ ጣት ካየሽ ምንም አትዪም።

ያን ሰሞን ሁልጊዜ አንድ ነበር።

አንቺ የሄድሽ ዕለት በር ላይ አልነበርሁም። ቪዲዮ ቤት ነበርሁ። አንድ አሮጌ አውቶቡስ ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣል፣ ሰዎች ጣሪያው ላይ ተቀምጠው ይዘፍናሉ። ሾፌሩ ከፊት ለፊት ይታያል። አባባን ሲነዱ በቅጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ሲያልፉ ነው። ዐሥር ዓመቴ ነው። አፌን ከፍቼ የፊልሙን ጡሩምባ ስሰማ የደጁን ሳልሰማ ቀረሁ።

ሮጬ ስመለስ አውቶቡሷ ያስነሣችው አቧራ እንኳ ተኝቷል። አንቺ በሩ ላይ ቆመሻል። ስንት? አልሽኝ በዓይንሽ። አሰብሁ። ሁለት ብዬ ባይመጡ ውሸቴ ይታወቃል። አንድ ብል ግን ያው እንደ ወትሮው ነው፣ ማን ያውቃል።

አንድ ጣት አነሣሁ።

ግንባሬን ሳምሽኝ። ጎረቤታችን የሺአረግ ዘንድ ቆዪ አልሽኝ። አባባ ያን ቀንም ካለፉ ልትሄጂ እንደቆረጥሽ፣ ከበሩ ኋላ የታሰረው ልብስ የምን እንደሆነ፣ አጎቴ የጭነት ጀልባውን በዐሥር ሰዓት ሊያስነሣ ወደቡ ላይ አንቺን እየጠበቀ እንደነበር አላወቅሁም።

አባባ በአንድ ሰዓት መጡ። ሙዝ ይዘው ነበር። ሁለት አጭር ነፍተው ነበር፣ እናቴ። ሁለት። በኋላ አንቺ ዘንድ ስመጣ፣ በማግስቱ መጡ ብዬሽ የነበረው፣ እሱም የእኔ ውሸት ነው።

እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጬ ወጥቼ ነበር። ሐይቁ ዳር ደርሼ ተመለስሁ። የጻፍሁትን እቀድደዋለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት፤ ተመልሼ ሳነበው ግን ቀለለኝ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ሻይ ያምረዋል? እኔን አማረኝ። አፈላሁና ጠጣሁ።

አሁን የመጣሁበትን ልንገርሽ። ፊልሙ ወደብ ይፈልጋል። ሚስጥር ደልጊ ይሻላል፣ ወደቡ ለፊልሙ ይመቸኛል ብላ ነበር። አባባ፣ ጎርጎራ ካልሆነ መሪውን ነቅዬ ቤቴ ይዤው እገባለሁ አሉ። አለበል ሳቁን በጨርቅ ሸፈነ። እናም መንገዱ ሰላም ከሆነ የሚካኤል ማግስት፣ ኅዳር 13 ከቀትር በኋላ እንደርሳለን። እስከ ጎንደር አለበል ይነዳል፤ ጎንደር እናድራለን። ከጭዋሂት ወዲህ መሪው የእሳቸው ነው፤ እንዲህ ብለን ተስማምተናል። ወደ ወደቡ ስንወርድ ደጅሽን እናልፋለን።

ጡሩምባውን አትጠብቂ፣ አትሰሚውም። ፖርቶመጋላውን እዪ። አንድ ነጠላ ታስሮ ካየሽ አልፈን እንሄዳለን። ሁለት ካየሽ አባባ ያድራሉ።

ይህን ሁሉ ለእሳቸው አልነገርኋቸውም። ጣቴን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ቀድሞ ማወቅ ያለብሽም አንቺ። ትናንት ጋራዥ ሄጄ የጠየቅኋቸው፣ ፖርቶመጋላው ላይ የማስረው ነጭ ጨርቅ ይኖርዎታል ወይ ብዬ ብቻ ነው። ለምን አላሉኝም። ወደ ጋቢናው ወጡ፤ የሾፌር መቀመጫውን አነሡ፤ ከመፍቻዎቹ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሁለት ነጠላ። ጥለታቸው አረንጓዴ ነው። የናፍጣ ሽታ እንኳ አልነካቸውም። የአንቺ ናቸው፤ ታውቂያቸዋለሽ።

አንደኛውን ልመልስላቸው ብዘረጋ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ከዚያ ወርደው ራዲያተሩን ውሃ ይሞሉ ጀመር።

መልስ አትጻፊልኝ። እኔ ጋቢናው ውስጥ በቀኝ በኩል፣ በመስኮቱ በኩል እቀመጣለሁ። በርሽ ላይ ከቆምሽ በጣትሽ አሳዪኝ፤ ስንትም ይሁን፣ በዚህ ጊዜ በትክክል አደርሳለሁ። ባትወጪም አልቀየምሽም፤ መብትሽ ነው። ይቅር በዪኝ ለማለት ይህን ሁሉ ወረቀት ጨረስሁ።

የሐይቁ ደሴቶች ጸሎት ጥላ ይሁንሽ። ዓይንሽን ያቆይልኝ፣ ጉልበትሽን ያበርታልኝ። አጎቴን ሳሚልኝ። ሽንኩርት ከሌለሽ ከዚህ እናመጣለን።

ጆሮሽ የነበረች
ልጅሽ