አሥራ አንድ ጊዜ ዘጠኝ

ይድረስ ለእታለሜ፤

እንዴት ነሽልኝ? ከሁሉ አስቀድሜ ስለ እግርሽ ልጠይቅ፤ እብጠቱ ጎደለልሽ ወይስ አሁንም የባልሽን፣ የጋሼን ጫማ ነው የምታደርጊው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እህል ይበላልሻል? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ጋሼን ያ ሳል ለቀቀው? ቁንጥንጧ ልጅሽስ እርሳስ ማኘኳን ተወች ወይስ እንደለመደችው ናት? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ተስማምቶኝ የሥራ ጋዋኔ ሁለት ቁልፉ አልዘጋ ብሎኛል። አብረውኝ የሚሠሩት፣ እርጉዞቹን ስትለኪ ተጋባብሽ እያሉ ይቀልዱብኛል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ሰባተኛ ወርሽን መያዝሽን ሳነብ ከደስታ ብዛት በኮሪደሩ የምታልፈውን የጽዳት ሠራተኛ አቅፌ ሳምኳት። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን ፊቴ ተለወጠ። ያ የምትሞክሩት የደም ግፊት ክኒን ካለ ለእኔም ቋጥረሽ ላኪልኝ፣ ብቻ ከዋናው ይሁን እንጂ ከባዶው እንዳይሆን ብለሻል። ክኒኑ ከመጣልኝ ክትትል ብዬ ጤና ጣቢያ አልመላለስም፣ ያቺ ነርስ ባለፈው ሰው ፊት ያዋረደችኝ ይበቃኛል ብለሻል። እታለም፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ልጁ በስምንተኛ ወሩ በዚሁ በደም ግፊት ሰበብ እንዴት እንዳመለጠን፣ አንቺም ለጥቂት እንደተረፍሽ ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ፈርተሽ መጠየቅሽ አልገረመኝም። ክኒኑን ግን አልልክልሽም። ከመቀየምሽ በፊት እዚህ የሆነውን ልንገርሽ፤ ከዚያ ብትፈልጊ ተቀየሚኝ።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼሽ ስለማላውቅ ከሥሩ ልጀምር። እዚህ እናቶች ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ የያዝነው ጥናት፣ አንድ ክኒን በእርግዝና የሚመጣውን የደም ግፊት ያስቀራል ወይስ አያስቀርም የሚለውን ለማወቅ ነው። ፈቃደኛ የሆነች ነፍሰ ጡር ቅጹን ትፈርምና ዕጣ ይወጣላታል። ግማሾቹ መድኃኒቱ ያለበት ብልቃጥ ይደርሳቸዋል፤ ግማሾቹ መልኩም ጣዕሙም ያው የሆነ፣ ውስጡ ግን ምንም የሌለበት። ለየትኛዋ የቱ እንደደረሳት እኔም አላውቅ፣ ጥናቱን የምትመራው ዶክተራችንም አታውቅ፣ ብልቃጡን የሚያድለው የመድኃኒት ክፍሉ ሰውዬም አያውቅ። ምስጢሩ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል። እንግዲህ ከዋናው ላኪልኝ ስትዪኝ፣ እኔ ራሴ ዋናውን ከባዶው እንደማልለይ ይኸው ዛሬ ሰማሽ።

ከልኬት ክፍሌ ፊት ለፊት አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከጧት ጀምሮ በሆድ ይሞላል። በዚያ ወንበር ላይ የምትሾም የምትሽር አንዲት ሴት ነበረችን፤ አምስተኛ ልጇን ያረገዘች፣ ምላሷ ጤፍ የሚቆላ፣ ሁላችንም ሊቀመንበሯ የምንላት። ማን ከማን በፊት እንደሚገባ እሷ ነች የምትወስነው። ወሯ የገፋውን ወደ በሩ ታስጠጋለች፣ አዲስ የመጣችውን ከጥግ አስቀምጣ ስለ ባሏ ትመረምራለች። እኔንም ቢሆን ሲያሻት ትቆጣኛለች፤ የግፊት መለኪያውን አጥብቀሽ ታስሪዋለሽ፣ እኛ እኮ ጆንያ አይደለንም ትለኛለች።

በየወሩ መጨረሻ እናቶቹ የተረፋቸውን ክኒን ከነብልቃጡ ይመልሳሉ። የመድኃኒት ክፍሉ ሰውዬ በትንሽ ትሪ ላይ አፍስሶ፣ በጠፍጣፋ እንጨት ሁለት ሁለት እያደረገ ይቆጥርና ይጽፋል። ጭምት ሰው ነው፤ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይወጣውም። አንድ ማክሰኞ ግን ፊቱ በርቶ ጠራኝና መዝገቡን አሳየኝ። በዚያ ቀን ከመለሱት እናቶች የአሥራ አንዱም በየብልቃጣቸው የቀረው ልክ ዘጠኝ ዘጠኝ ክኒን ነው። አየሽ እንዴት ሥርዓት እንደያዙ ብሎ ኮራ። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ከአሥራ አንዱ አንዷ ቦርሳዋን በአግዳሚው ላይ ረስታ በወር ሦስት ጊዜ ያስሮጠችኝ ናት። ሌላዋ ያስመልሰኛል እያለች ስንቱን ቀን ሳትውጥ እንደምታድር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንደነዚህ ያሉ ሴቶች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው መጡ ማለት የማይመስል ነው።

ሊቀመንበሯን ለብቻዋ ጠርቼ ጠየቅኳት። ትደብቀኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ እቴ፣ ኩራት ኩራት እያላት ዘረዘረችልኝ። ብልቃጡን በተቀበሉ ቀን አሥራ አንዱም ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ የአልጋ ልብስ ከሚሰጣበት ግቢ ይሰበሰባሉ። ሻሿን መሬት ላይ ታነጥፋለች፣ ሁሉም ክኒናቸውን ያፈሱበታል፣ እሷ በእጇ ታማስለዋለች፣ ከዚያ እኩል እኩል ቆጥራ ትመልስላቸዋለች። ያለፈው ወር ዝንጉዋ ብዙ አስተርፋ ስለተቆጣናት ደግሞ፣ በዚህኛው ወር እንዳትሰደብ ብለው የተረፈውንም ደባልቀው ተካፈሉት። አንቺው ነሽ የነገርሽን አለችኝ፤ ግማሻችሁ መድኃኒት፣ ግማሻችሁ ባዶ ብለሽ። ታዲያ አንዷ አግኝታ ጓደኛዋ ስትቀር አብረን ተቀምጠን እንይ? ሁላችንም ግማሽ ግማሹን ብናገኝ ማን ይጎዳል? አለችኝ።

መሳቅም አማረኝ፣ ማልቀስም አማረኝ። ስለ ዕጣው ምላሴ እስኪደርቅ ያስረዳሁት እኔ ነኝ፤ ክኒኑን አትደባልቁ ማለት ግን በሕልሜም አልመጣልኝም። ጭምቱ ሰውዬ ሲሰማ መዝገቡን ዘጋው። ዘጠኝ ነው ያልኩት፣ ዘጠኝም ነው፣ ዝም እንበል አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለግማሽ ቀን ያህል ዝም ለማለት ከጅሎኝ ነበር። አሥራ አንዱ ከጥናቱ ከተባረሩ የማክሰኞው ልኬት ሊቀርባቸው ነው፤ ሁለት ዓመት የተለፋበት ሥራ ደግሞ በእኔ ጥፋት ሊበላሽ ነው። በኋላ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ጥናቱ ሲያልቅ ይህን ክኒን ዋጡ ወይም ተዉት የሚባሉት እንዳንቺ ያሉ ሴቶች ናቸው። በውሸት ቁጥር ለእህቴ መድኃኒት ላዝላት ነው እንዴ ብዬ ተነሳሁና የዶክተሯን በር አንኳኳሁ።

ዶክተራችን ቆፍጣና ናት፤ ሲያዩዋት ያስፈራሉ የሚባሉት ዓይነት። ነግሬያት ስጨርስ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረች። አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ታለቅሳለች ብዬ ብርጭቆ ውሃ ላመጣ ስነሳ ለካ ሳቋ አላስቆም ብሏት ኖሯል። በሻሽ ነው ያልሽኝ? እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። ስቃ ከወጣላት በኋላ ግን ያንኑ ቀን ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ሁሉንም ጻፈች፤ የእኔንም የሷንም ጥፋት ሳታስቀር። መልሱ አሥር ቀን ፈጀ። የመጣው መልስ ግን ጥሩ ነበር። አሥራ አንዱ ክኒኑን ያቁሙ፣ ልኬታቸውና ምርመራቸው ግን እስኪወልዱ እንዳለ ይቀጥል፣ የሆነውም በጥናቱ ውስጥ ሳይሸፋፈን ይጻፍ ይላል።

ዶክተሯ አሥራ አንዱን ሰብስባ እኛ ነን ያጠፋነው ብላ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ከዚያ እንዲህ ብላ አስረዳቻቸው፤ ጨው የገባበት ድስትና ጨው ያልገባበት ድስት አለ እንበል፣ ሳንቀምስ ሁለቱን ገልብጠን ብንደባልቃቸው የቱ እንደጣፈጠ በምን እናውቃለን? ሊቀመንበሯ አንገቷን ወዝወዝ አድርጋ፣ እንግዲያው መጀመሪያውኑ ድስት ብትሉን ይገባን አልነበር፣ አሥራ ሁለት ገጽ ከምታስፈርሙን አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአዲስ እናቶች ስለ ጥናቱ ሳስረዳ ከቅጹ በፊት ስለ ድስቱ ነው የምነግራቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ክኒኑ ከቆመ በኋላ ሊቀመንበሯ ልቅር ስትል ነበር። ክኒን ከሌለ ምን ላደርግ እመጣለሁ፣ ቤቴ ስንት ሥራ አለኝ ትላለች፤ ልክ እንዳንቺ። በልመናም በቁጣም እየነዘነዝኩ አስመጣኋት። በአራተኛው ማክሰኞ ክንዷን አስሬ ስለካ የግፊቷ የላይኛው ቁጥር መቶ ስድሳ፣ የታችኛው መቶ አሥር ሆነ። ተሳስቼ መስሎኝ አሳርፌ ደግሜ ለካኋት፤ ያው ነው። ራስሽን ያምሻል ወይ ስላት፣ ሁለት ቀን ሆነኝ፣ ፀሐይ መቶኝ ነው ብዬ እኮ ነው አለች። ሽንቷ ሲታይ ፕሮቲኑ በዝቷል። እዚያው አስተኟት፤ በሦስተኛው ቀን ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም የምትመዝን ሴት ልጅ ወለደች። ስም እስኪወጣላት ምክትል እያልን እንጠራት ነበር። ዛሬ ስድስት ወሯ ነው፤ ክንዷ እንደ ዳቦ ተነፍቷል፤ ጩኸቷ ደግሞ ቁርጥ እናቷን ነው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ፖስታው ተከፈተ። ሁላችንም በዶክተሯ ክፍል ተጣበን ቆመን ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ መሰለሽ? መድኃኒቱን ከወሰዱትም ባዶውን ከወሰዱትም በግፊት የተያዙት ቁጥር ያው ነው፤ የሚበላለጡበት ኢምንት ነው። ያ አሥራ አንድ ሴቶች በሻሽ የተካፈሉት፣ አንቺም ቋጥረሽ ላኪልኝ ያልሽው ክኒን ከባዶው አልተሻለም። እኔ ኩምሽሽ አልኩ። ዶክተሯ ግን ብስኩት አዙራ፣ ከእንግዲህ ይህን ክኒን በከንቱ የምትውጥ ሴት አትኖርም፣ ይህም ትልቅ ነገር ነው አለችን። ጭምቱ ሰውዬ እንኳ ሦስት ብስኩት በላ።

እናቶቹን ያተረፋቸው በየሳምንቱ መለካታቸው ነው ብዬ ብጽፍልሽ ዶክተሯ፣ ያንን አላጠናንም ብላ ትቆጣኛለች። ሊቀመንበሯን ግን በዓይኔ አይቻታለሁ። ክኒን አልነበራትም፤ ክንዷን የምትሰጥበት ቀን ግን ነበራት። እታለም፣ እባክሽን፣ ክንድሽን ስጪ። ያቺ ነርስ ያዋረደችሽ እኔን ያናድደኛል፤ በሙያዬ ስም እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። በእሷ ጦስ ግን አንቺን ላጣ አልፈልግም። ብቻሽን አትሂጂ፤ ጋሼን ይዘሽ ሂጂ፣ እሱ ባለበት ማንም አፉን አይከፍትም። ወደ እናንተ የሚመጣ አንድ የጥርስ ሐኪም ስላገኘሁ በእሱ እጅ ቁጥሩን በራሱ የሚያሳይ መለኪያ ልኬልሻለሁ፤ አጠቃቀሙን ለቁንጥንጧ በስዕል አሳይቻታለሁ። የላይኛው መቶ አርባ ወይም የታችኛው ዘጠና ከደረሰ፣ ወይም ቁጥሩ ምንም ቢሆን ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ከጎድንሽ በታች ከቆረጠመሽ፣ ነገ አትበዪ፤ ያኔውኑ ሂጂ። መለኪያው ቤት አለ ብለሽ ክትትሉን እንዳትቀሪ ደግሞ። ፈቃዴ ተፈርሟል፤ ስምንተኛ ወርሽ ሲጋመስ ሻንጣዬን ይዤ ደጃፍሽ ነኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ያዘዝኩላትን ቅባት ለጎረቤት ሁሉ ማደሏን ትተው። ጋሼን በጣም ናፍቄሃለሁ በዪልኝ፤ በየሳምንቱ አንቺን ጤና ጣቢያ የሚያደርስበትን ቀን ግድግዳው ላይ ይጻፈውና ከታች ይፈርምበት፤ እኛ ሰው ማስፈረም ለምደናል። ቁንጥንጧን ሁለት ጉንጯን ሳሚያት፤ የእናቷን ቁጥር የምትመዘግብበት ደብተር ከመለኪያው ጋር አለ፣ አንድም ቀን አሳምራ እንዳትጽፍ፣ ያየችውን ብቻ ትጻፍ።

አንድ ሰው ቀረኝ። ባለፈው ጊዜ ሆድሽ ውስጥ ለነበረው ልጅ ሰላምታ ሳልልክለት ቀረሁ፤ ገና ሳይደርስ ምን አስቸኮለኝ ብዬ ፈራሁ፤ እሱም ማንም ደህና ነህ ወይ ሳይለው ሄደ። ዘንድሮ አልፈራም። እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊና ንገሪልኝ፤ አክስትሽ፣ ወይም አክስትህ፣ እንደምን አለሽ፣ እንደምን አለህ ብላለች በዪው።

ታናሽ እህትሽ

ከእናቶች ክፍል፣ ከልኬት ጠረጴዛዬ
ማክሰኞ፣ ጥር ፲፫ ቀን