መብራት ጠፍቶ ያላየነው ሩጫሽ

ለምወድሽ ለመጨረሻዋ ልጄ ለቤቴል ቦልቴ፣

ሰላምታዬ ከዳሞት ተራራ ሥር ተነሥቶ ጀርመን አገር ድረስ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? እግርሽስ? ጉልበትሽስ? እህል ይበላልሻል ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እነዚህን የደብዳቤ ወግ ናቸው ብለሽ እንዳታልፊያቸው፤ አንድ በአንድ መልስ እፈልግባቸዋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ወገቤ እንደ ድሮው ነው፤ እንሰቱንም የምኮተኩተው እኔው ነኝ። እህትሽ አስካለች የሚጽፍልህ ሰው ላምጣ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማርኩት ፊደል ለልጄ መጻፊያ ካልሆነኝ ለምን ተማርኩት? ፊደሉ ከተንጋደደብሽ ወረቀቱን አንቺ አዘንብለሽ አንብቢው።

ባለፈው ማክሰኞ ስትደውዪ፣ "አባባ፣ ሩጫው ደህና ነበር፤ ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ወደ ኋላ ቀረሁ እንጂ" ብለሽኛል። እኔም "እዚህ ዝናብ ጥሏል" አልኩሽና ስልኩን ለአስካለች ሰጠኋት። ቅር ብሎሽ ይሆናል። ድምፅሽን ስሰማ እንዳላለቅስ ፈርቼ ነው። በዚያ ላይ ቤቱ ሞልቶ ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያያል። አሁን ብቻዬን ስለሆንኩ የሆነውን ልንገርሽ።

ጎረቤታችን ቡርሃን፣ ሱቁን ከአባቱ ከአብዱልመጂድ የተረከበው፣ ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ቴሌቪዥን ያሳያል። ከጣሪያው ዲሽ የሚወርደው ገመድ በቀጥታ ሣጥኑ ውስጥ ይገባና የውጭውን ጣቢያ በዚያው ሰዓት ያሳያል፤ እያሳየም ይቀዳል። ኳስ ያመለጠው ሁሉ በማግስቱ እሱ ዘንድ ሄዶ ነው የሚያየው። እሑድ ያንቺን ሩጫ ሊያይ ሰፈሩ በሙሉ ከጸሎት መልስ እዚያ ገባ። እኔን ቡርሃን ራሱ መጥቶ ለመነኝ። የገዛ ልጄን ለማየት የሰው ደጅ አልጠናም አልኩት። እሱም ስቆ "እሺ አባባ፣ ቀድቼ አስቀምጥልዎታለሁ፤ ኩራትዎ ሲበርድ ይመጣሉ" ብሎኝ ሄደ።

ያዩት ይህን ነው። መጀመሪያ ከፊተኞቹ ጋር ትሮጫለሽ፤ ቤቱ በጭብጨባ ይናወጣል። ከዚያ እግርሽ ይተሳሰርና አስፋልቱ ላይ ትወድቂያለሽ። ቀይ ልብስ የለበሱ ሰዎች ይመጣሉ። እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ዘርግተው ከእግርሽ እስከ ራስሽ ይሸፍኑሻል። ልክ ሲሸፍኑሽ መብራት ጠፋ።

በኛ አገር ሰውን እስከ ራሱ የሚሸፍኑት መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሁሉም አፉን በእጁ ይዞ ወጣ። ስልክሽ ላይ ቢደውሉ አይነሣም። የእድራችን ዳኛ ጉልላት "ሽማግሌው ዛሬ እንዳይሰማ፤ ይህችን አንዲት ሌሊት በሰላም ይደር" ብሎ ሰዉን አስማለ። ማታ የቡርሃን ሚስት ሳቢራ ገንፎ ይዛልኝ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ምን ሆነሽ ብላት "ሽንኩርት ነው" አለችኝ። ገንፎ በሽንኩርት መሥራት ከመቼ ወዲህ ነው ብዬ ሳቅኩባት። ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሮጠች።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ውሻው ጮኸ። ስወጣ ግቢው ሰው በሰው ሆኗል፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከኋላ የእድሩን ድንኳን እንጨት የተሸከሙ አሉ። መርዶ እንደመጣ ወዲያው ገባኝ፤ የማን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። በዚህ መሃል አስካለች ከቦዲቲ በመጀመሪያው መኪና ደረሰች። ለእሷ የተላከላት አባትሽ ታመዋል ተብሎ ነው። እኔን ቆሜ ስታየኝ "ተመስገን!" አለች። ቀጥላ ሰዉን አየች፤ ቀጥላ ድንኳኑን አየች። እኔ ካልሆንኩ ማን እንደሆነ ገባትና "ቤቴል!" ብላ መሬት ላይ ተዘረረች።

እኔ አላለቀስኩም። ጉልላትን ማን ነገራችሁ አልኩት። በዓይናችን አየን አለ። ምን አያችሁ? ሸፈኗት። ከዚያስ? መብራት ጠፋ። ከዚያስ? "ከዚያ ምን ይኖራል ቦልቴ? አትድረቅ እንጂ!" አለኝ። መብራት ስለጠፋባችሁ ልጄን ትገድሉብኛላችሁ ወይ አልኩት። እስከ መጨረሻው ሳላይ አንድ ሰው እንዳያለቅስብኝ አልኩ።

ቡርሃን ከሰዉ ኋላ ነበር። "አባባ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "የጠፋው ስክሪኑ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ ለሁለቱም ስለማይበቃ ስክሪኑን ከግድግዳው ነው የሰካሁት። ሣጥኑ መብራት ከሄደም በኋላ ጥቂት ቀድቷል። ሌሊት መብራት ሲመጣ ልከፍተው አስቤ ድፍረት አጣሁ።" ጉልላት እንዲህ ያለ ነገር ለአባት አይታይም ብሎ መንገዱ ላይ ቆመ። ገፍቼው አለፍኩ። ደጁን አልጠናም ያልኩትን ቤት ጫማ እንኳ ሳላደርግ ገባሁበት።

ቡርሃን ከፈተው። መውደቅሽን አየሁ፤ ስለ እሱ አልጽፍም። ጨርቁ መጣ። መብራት የጠፋበት ቦታ ሲደርስ ሳቢራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሣጥኑ ቀጠለ። የፊተኞቹን ሯጮች አሳየ፤ ሕንፃ አሳየ፤ ወንዝ አሳየ። ወንዙ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄን አሳየኝ እያልኩ ጠረጴዛውን መታሁት። ከዚያ ወደ አንቺ ተመለሰ። ተቀምጠሻል! ያንን የሚያብረቀርቅ ነገር እንደ ጋቢ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽ በሃይላንድ ውሃ ትጠጫለሽ። አንዲት ነጭ ሴት ቃሬዛ አስመጥታ ክንድሽን ስትይዝ እጇን ገፋሽው፤ ጣትሽን ቀስረሽ የሆነ ነገር ተናገርሻትና በገዛ እግርሽ ተነሣሽ። እሑድ ባትሪው አልቆ ቅጂው የቆመው እዚያ ላይ ነው።

ጉልላት "የቦልቴ ልጅ ናት! ድርቅናዋን አያችሁ?" ብሎ ጮኸ። እኔ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። አስካለች እስክትጠግብ ደጋግማ አስከፈተችው። ዝናቡ ስለወረደ ድንኳኑ መተከሉ አልቀረም፤ ሴቶቹ ሌሊቱን ለለቅሶ የቀቀሉትን ንፍሮ ሰዉ ከሥሩ ተቀምጦ እየሳቀ በላው። ጉልላት በእድሩ ሕግ ሬሳ ለሌለበት ቤት ድንኳን አይወጣም ቢለኝ፣ እንግዲያው አንተ ተኛበት አልኩት።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ልጄ፣ ያ ጉንፋን አልነበረም። እኔ እንዳልደነግጥ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እናትሽም ሕመሟን እስከ መጨረሻው ደብቃኝ ነው የሄደችው። ያንን አንዴ ችያለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም። ሽማግሌ ነው እያላችሁ ግማሹን ብቻ አትንገሩኝ፤ ግማሹን አይተው አይደል ሊያስለቅሱኝ የመጡት? ሐኪሙ ምን አለሽ? ልብሽ ነው ወይስ የውሃ ጥም? ሩጫውን ተዪ አልልሽም፤ ብልሽም አትሰሚኝም። እውነቱን ጻፊልኝ እንጂ እኔ ክፉውንም ቢሆን ቆሜ እሰማለሁ።

ቡርሃን ሣጥኑ ሞልቶበት፣ ለዋንጫው ኳስ ቦታ እንዲኖረኝ ያንቺን ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ኳሱን አጥፋ አልኩት።

አስካለችና ባሏ ከነልጆቻቸው በጣም ሰላም ይሉሻል። ሳቢራ ስትመጪ ገንፎውን ያለ ሽንኩርት እሠራላታለሁ በልልኝ ብላለች። ቡርሃን ሰላም ይልሻል፤ ለእሱ ለብቻው ሁለት መስመር ጻፊለት። ጉልላትም ሰላም ይልሻል፤ በቁምሽ መርዶሽን ስላመጣ አፍሯል።

አንድ ነገር ግን ሰፈሩን እያከራከረ ነው፤ ያቺን ነጭ ሴት ምን ነበር ያልሻት? ከሣጥኑ የሚሰማው ሩጫውን የሚያወራው ሰው ድምፅ ብቻ ነው። ጉልላት በእንግሊዝኛ ነው ይላል። አስካለች እየለመነቻት ነው ትላለች። እኔ ግን ከንፈርሽን አውቀዋለሁ፤ በወላይትኛ ነው የተቆጣሻት። ብሸነፍም ግድ የለኝም፣ ልክ እንደነበረው ጻፊልኝ።

አባትሽ ቦልቴ አንጁሎ
ወላይታ ሶዶ
ሚያዝያ 24 ቀን 2001 ዓ.ም.